ሙሉ ሠላሳ ሰከንድ

«ሳታይ ነው አሉ የምትፈርመው።»

ሜካፕ ሠሪዋ ይህን ወሬ ሰኞ ጀምራው ሐሙስ ደርሳለች። ሰኞ ዕለት የዜና አንባቢዋን ግንባር ዱቄት እየቀባች በሹክሹክታ ነበር ያወጣችው፤ ዛሬ ግን ድምፅ ዝቅ ማድረጉ ራሱ ሰልችቷት፣ በሻይ ክፍሉ መሀል ስኳሯን እያማሰለች፣ እንደ አየር ጠባይ ትንበያ ለሁሉም አደለችው። «ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ወንበሯ ላይ እያንቀላፋች ‹ተላልፏል› ስትል ኖራለች አሉ። ባለ ፍራሹ ማስረጃ ይዘው ዛሬ ከሰዓት ሊመጡ ነው። አስራ አንድ ምሽት ማስታወቂያቸው አልወጣም አሉ። እሷ ግን ወጥቷል ብላ ፈርማለች።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የዚህኛው ጆሮ ባለቤት ግን ባዶ ብርጭቆዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ክፍሉ ቀስ በቀስ ዝም አለ፤ መጀመሪያ በሩን ፊት ለፊት የሚያዩት፣ ከዚያ ከእነሱ ዓይን የተረዱት፣ በመጨረሻ ሜካፕ ሠሪዋ። ሴትዮዋ ወደ ጠረጴዛው ሄዳ ሻይዋን ቀዳች።

«ስኳሩን አቀብይኝ» አለቻት።

«እትዬ ሰከንድ፣ በሞቴ፣ እኔ እኮ ሰው ያለውን ነው...»

«ሰው ያለውን ነው ያልሽው። እሱን ሰምቻለሁ። ያልሰጠሽኝ ስኳሩን ነው።»

በቴሌቪዥን ጣቢያው ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ዝርዝሩ ብቻ ነው። ለቀረው ሰው ሁሉ እትዬ ሰከንድ ናት። ሥራዋ ሲነግሩት ቀላል ነው፤ ማስታወቂያ ታያለች። ሌላው ሰው ማስታወቂያ ሲጀምር ወጥ ቤት ይገባል፣ ልጁን ይቆጣል፣ የተኛ እግሩን ያፍታታል፤ የእሷ ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነው። በአንድ እጇ የሩጫ ሰዓት፣ በሌላው ብዕር ይዛ፣ እያንዳንዱ ማስታወቂያ በስንት ሰዓት ከስንት ሰከንድ እንደጀመረና እንዳለቀ ቅጹ ላይ ትሞላለች። በመጨረሻው ረድፍ ከሦስት ቃላት አንዱን ትጽፋለች፤ ሙሉ፣ ጎደሎ ወይም የለም። ከስር ትፈርማለች። ማሽኖቹም ለራሳቸው ይመዘግባሉ፤ ነገር ግን የትኛውም ነጋዴ በማሽን ወረቀት ረክቶ አያውቅም። ሲጠራጠር የሚፈልገው ዓይን ያለው ሰው ነው፣ ከተዋሸ ፊቱ ሊቀላ የሚችል ሰው።

ቅጽል ስሙ የወጣላት በአንድ የኳስ ምሽት ነው። ጨዋታው ድንገት ሲጀመር የአንድ ሳሙና ማስታወቂያ መጨረሻው ላይ ተቆረጠ። የዚያን ጊዜው ኃላፊ ወርዶ «ሙሉ በይው፣ ማን ያውቃል» ሲላት፣ «ሰባት ሰከንድ ሳሙና ጎድሏል» ብላ ከነወንበሯ ዞረችበት። ቃሉ ተረት ሆኖ ቀረ፤ እስከ ዛሬ ሻይ የጎደለበት ሁሉ «ሰባት ሰከንድ ጎድሏል» ይላል። በራሷ ጣቢያ ላይ «ጎደሎ» ብላ ለመጻፍ እጇ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። አሁን ሻይዋን ይዛ በኮሪደሩ ሄደች።

ማስታወቂያ የሚቆርጠውና የሚቀጥለው ኤዲተር፣ ሁሉም መቀስ የሚሉት ቀጭን ሰው፣ በክፍሉ በር ላይ እየጠበቃት ነበር። ካለፈው ወር ወዲህ የመንታ አባት ሆኗል፤ ዓይኖቹ ስር የተኙት ሁለት ጥቁር ከረጢቶች ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ የተሰጡ ይመስላሉ።

«ባለ ፍራሹ የላኩት ፍላሽ መጥቷል» አለ። «ስብሰባው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሳናየው አንገባም ብዬ።»

«አይተኸዋል?»

«አንዱን ምሽት አየሁት።» አላያትም። «እትዬ፣ የለም እኮ። ዜናው አለ፣ ፍራሹ የለም።»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው ያላየሁትን ፈርሜ ከሆነ።»

«እኔ መቼ ጠረጠርኩሽ።»

«አልጠረጠርከኝም፤ ግን አንዱን ምሽት ብቻህን አየኸው።»

መቀስ አንገቱን አከከ፤ ወንበር ሳበላት።

የእሱ ክፍል መስኮት የለውም። ሁለት ስክሪኖች፣ ጠርዙ የተሰነጠቀ ኪቦርድ፣ ከተበላ ቁርስ የቀረ የወረቀት ከረጢት። ዶሴዋን ጭኗ ላይ ዘረጋች፤ ከሦስት ወር በፊት የነበሩት አስራ አንድ ምሽቶች በራሷ እጅ ጽሑፍ ተደርድረዋል። ‹ፍራሽ፣ ሁለት ሰዓት ከአስራ አምስት ደቂቃ ከአርባ፣ ሠላሳ ሰከንድ፣ ሙሉ።› ማስታወቂያውን በቃሏ ታውቀዋለች። አንድ ሰውዬ ከሥራ ደክሞት ይገባል፣ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ይወድቃል፣ ድምፁ «ውለው ለገቡ» ይላል። ሰውዬው ሲወድቅ ዘወትር እሷም ወገቧን ያማት ነበር።

መቀስ ቀረጻውን ከፈተ። ዜና አንባቢዋ ወረቀቷን አስተካክላ «ከአጭር እረፍት በኋላ እንመለሳለን» አለች። ወዲያው፣ ትንፋሽ ሳትወስድ፣ «እንኳን በደህና ተመለሳችሁ» አለች።

«አየሽ?» አለ መቀስ። «የለም።»

እትዬ ሰከንድ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። «መልሰው» አለች። መለሰው። «አሁንም መልሰው።» በሦስተኛው ጊዜ ጣቷን ከስክሪኑ ጋር ሊነካካ እስኪደርስ አስጠጋች። በዜና አንባቢዋ ክንድ አጠገብ ያለው የውሃ ብርጭቆ ሙሉ ነበር። ዓይን ሳይጨፈን ግማሽ ሆነ። ከዚያ ዓይኗ ወደ ታች ጥግ ወረደ፣ ትንሿ ሰዓት ወደምትቆጥርበት። ሁለት ሰዓት ከአስራ አራት ደቂቃ። ሁለት ሰዓት ከአስራ ስምንት ደቂቃ።

«ፍራሹ ብቻ ነው የሌለው?» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሳሙናውስ የታለ? ቀለሙስ? የጥርስ ሳሙናው፣ ያ የሚያፏጨው ልጅ? አራት ደቂቃ ሙሉ የት ሄደ? ሰው የራሱን ሲፈልግ የሌላው መጥፋት አይታየውም። እሳቸው ፍራሻቸውን ፈለጉ፣ አንተም ፍራሹን ፈለግህ።»

መቀስ ወደ ስክሪኑ አፈጠጠ። «ታዲያ ማን ቆረጠው? እኔ አልቆረጥኩት።»

«ሳጥኑ ነዋ። መቅጃው። ማስታወቂያ ሲመጣ ራሱ ያውቅና ይዘለዋል። መገጣጠሚያው ላይ ምስሉ ትንሽ ትር ይላል፤ እንደዚህ።» አሳየችው። «እንደ ሰው የልብ ምት።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

ዶሴዋን ማስተካከል ጀመረች።

«እትዬ» አለ መቀስ ቀስ ብሎ፤ በአራት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሩ ጥግ ላይ ሳቅ መጣ። «ቤትሽ አለ?»

«እህቴ ናት የገዛችው።»

«ቤትሽ አለ።»

«ለዓይኔ ብላ ነው አልኩህ።»

እውነቷን ነው። ከሥራ ስትገባ ዓይኗ አሸዋ እንደተረጨበት ይቆረቁራት ነበር፤ አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ ደግሞ የሰው ሥቃይ ዝም ብላ የምታይ ሴት አይደለችም። ሳጥኑን ገጥማ፣ ሪሞቱን እጇ ላይ አስቀምጣ፣ «በቃ፣ ቤትሽ ስትገቢ እንኳ ረፍ በይ» አለቻት። በመጀመሪያው ምሽት ድራማው ሳይቋረጥ ከዳር እስከ ዳር ሲፈስ አገጯን በመዳፏ ደግፋ አየችው። ታሪክ መሀሉ ሳይሰበር እንዴት እንደሚሄድ ረስታው ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ለማንም ሳትናገር፣ ጾመኛ ቤት ውስጥ እንደተደበቀ አረቄ፣ በየምሽቱ ትጎነጨዋለች። ቀን የምትፈርምለትን ማታ ትዘለዋለች። ደክሟታል፤ የደከመው ሰው ደግሞ ለመርሁ ታማኝ የሚሆነው በሥራ ሰዓት ነው።

ግን አሁን ደስ አላት። የፈረመችው ሁሉ እውነት ነበር። ዶሴውን ዘግታ ተነሳች።

የማስታወቂያ ክፍሉ ኃላፊ ከእሷ በአስራ አምስት ዓመት የሚያንስ ሰው ነው። ለልምምድ የመጣ ጊዜ የሩጫ ሰዓት አያያዝ ያስተማረችው እሷ ናት፤ ስለዚህ እሷ አንተ ትለዋለች፣ እሱ እርስዎ ይላታል፤ ሁለቱም ይህ እንዴት እንደሆነ ጠይቀው አያውቁም። ወረቀት ላይ የገለበጠችውን የሰዓቶቹን ዝርዝር ከፊቱ አኖረች፤ የአስራ አንዱም ምሽት፣ ከስንት ወደ ስንት እንደዘለለ። ስለ ብርጭቆው ነገረችው። ስለ ሳጥኑ ነገረችው። ስለ ቤቷ ሳጥን ግን አልነገረችውም።

ኃላፊው ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበ። አልተገረመም። እሷን የገረማት ያ ነው።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ሳጥኑን። አስጠንተናል።» የጠረጴዛውን የታችኛው መሳቢያ በጫማው ጫፍ ነካ አደረገ። «ውጤቱ እዚህ ውስጥ ነው።»

«ስንት ቤት ገብቷል?»

«አይጠይቁኝ፣ እትዬ።»

መሳቢያውን አየችው። ቁልፉ ላዩ ላይ የለም።

«እንግዲያው ነገሩ አለቀ» አለች። «ሰውየው ሲመጡ ሰዓቷን አሳያቸዋለሁ። ማስታወቂያቸው ወጥቷል፤ የበላው የራሳቸው ሳጥን ነው።»

«ያሳዩአቸው። ከዚያስ?» ኃላፊው በሁለት እጁ ፊቱን ከላይ ወደ ታች አሸ። «‹ማስታወቂያዎ ወጥቷል፣ ሙሉ ሠላሳ ሰከንድ፣ ግን ከእርስዎ ቤት ጀምሮ ማንም አላየውም› ሊሏቸው ነው? ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን የነገዱ ናቸው። ቀጥለው የሚጠይቁኝ እርስዎ አሁን የጠየቁኝን ነው። ስንት ቤት ገብቷል። ለእርስዎ ያልመለስኩትን ለእሳቸው ምን ብዬ እመልሳለሁ? ማታ ለባለ ሳሙናው ይነግራሉ፤ ባለ ሳሙናው ለባለ ቀለሙ። ውላቸው ባለፈው ሳምንት አልቋል፣ እትዬ። የዚህ ክፍል ግማሽ ገቢ እሳቸው ናቸው። ዛሬ ካላደሱ በሚቀጥለው ወር እዚህ ፎቅ ላይ መብራት የሚያበራ ሰው አይኖርም።»

«ታዲያ ምን ልበላቸው ነው የምትለኝ?»

አላያትም። መስኮቱን አየ፤ ከመንገዱ ማዶ ሠራተኞች ከአንድ ሕንፃ ላይ ያረጀ ሰሌዳ እያወረዱ ነበር።

«ሰው ይሳሳታል» አለ። «የእርስዎን ስህተት ማረም እችላለሁ። አስራ አንዱን ምሽት በነጻ እደግምላቸዋለሁ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ሰውየው ይቅር ባይ ናቸው። የሳጥኑን ስህተት ግን በምን አርመዋለሁ?»

«እኔ የሠራሁት ስህተት የለም።»

«የለም። እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።»

«ሜካፕ ሠሪዋስ?»

ኃላፊው ከመሳቢያው በላይ ባለው ጠረጴዛ ላይ አንድ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ቀጥ እስኪል ሲያቃና ቆየ።

«ስሜን ነው የምትጠይቀኝ» አለች።

«አዎ» አለ። ቢያንስ ያን አላሽሞነሞነውም። «ወደ መዝገብ ቤት አዛውርዎታለሁ። ደመወዝዎ አይነካም። ስክሪን የለም እዚያ፤ ለዓይንዎም...»

«ስለ ዓይኔ አትናገር።»

ወደ ክፍሏ ተመልሳ ተቀመጠች። ክፍሉ አንድ ወንበር፣ ሁለት ስክሪኖችና አንድ የግድግዳ ሰዓት ነው፤ ወንበሩ ላይ ሃያ አንድ ዓመት የአንድ ሰው ቅርፅ ቀርጾበታል። ስክሪኑ ላይ የቀኑ ፕሮግራም እየሄደ ነበር፤ አንዲት ሴት ስለ አትክልት ትናገራለች። ምግባር ማለት ምን እንደሆነ አንድ ጊዜ እንኳ ቁጭ ብላ አስባ አታውቅም። የምታስበው ሰከንድ ነበር። ሰከንድ አይዋሽም፤ ጎድሎም ሞልቶም ያው ሰከንድ ነው። ሌሎች ሴቶች ቤት ሠሩ፣ ልጅ አሳደጉ፣ ሁለት ባል ቀየሩ፤ እሷ ያላት አንድ ነገር ፊርማዋን ያየ ሰው ሁለተኛ ጥያቄ አለመጠየቁ ነው። ይህ ሀብት መሆኑን ያወቀችው አሁን፣ ስጪን ስትባል ነው።

በግድግዳው በኩል የመቀስ ድምፅ ተሰማት፤ ስልክ ላይ ነው። «አንዱ ሲተኛ ሌላው ይነሳል፣ ተማምለዋል» እያለ ይስቃል። ሳቁ ውስጥ እንቅልፍ አለ። ምንም አያውቅም፤ ኃላፊው ያላትን አልነገረችውም። ብትነግረው «እንዳታደርጊው» ይላት ነበር፤ ያን ማለቱ ደግሞ ነገሩን ሁሉ ያከብድባት ነበር።

የራሷ ስልክ ጮኸ። እህቷ ናት።

«ዛሬ ድራማውን ልቅዳልሽ ወይስ ቶሎ ትመጫለሽ?»

«ቅጂልኝ።»

«ድምፅሽ ምን ሆነ?»

«ምንም። ደክሞኝ ነው።»

«መቼ ሳይደክምሽ ቀርቶ ያውቃል። ስሚ፣ ትናንት እኮ ሳትጨርሺው ተኛሽ። ሰውየው ሚስቱን ይቅርታ ጠየቃት።»

«ይቅር አለችው?»

«እሷ መቼ እሱን ጥፋተኛ አለችው? ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ብላ ዐረፈችው። እኔ ብሆን በምጣድ ነበር የምለው። ጅል።»

«ጅል» አለች እትዬ ሰከንድም፤ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ዶሴውን ከፍታ አስራ አንዱን ገጽ እንደገና አገላበጠች፤ ምናልባት አንዱ ላይ፣ አንድ ምሽት ብቻ፣ በእውነት የተሳሳተች ቢሆን ነገሩ ይቀላት ነበር። አንድም አልነበረም። የሩጫ ሰዓቷን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ኪሷ ቀለለ፤ እንደገና መልሳ ከተተችው።

ባለ ፍራሹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ኃላፊው ቢሮ ብቻቸውን መጡ። ጠበቃ ይዘው፣ ጸሐፊ አስከትለው ይመጣሉ ብላ ጠብቃ ነበር። የመጡት ግን ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው የያዙ፣ ኮታቸው ከትከሻቸው ትንሽ የሰፋ ሽማግሌ ናቸው። ኃላፊው ከወንበሩ ተነስቶ ሁለት ጊዜ እጅ ነሳ። ብዕርና አዲስ የውል ወረቀት በጠረጴዛው ጥግ፣ እንደ ድንገት የተቀመጠ መስሎ፣ ተቀምጧል።

«አንቺ ነሽ የምትፈርሚው?» አሏት።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ፊርማሽን አውቀዋለሁ። ጅራቱ ረጅም ነው።» ፈገግ ሊሉ ፈልገው ተዉት። «ሁሉንም ወረቀት አስቀምጫለሁ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ። አንድም ቀን ተጠራጥሬ አላውቅም። ይሄን የምልሽ ለነገር እንዳልመጣሁ እንድታውቂ ነው።»

ተቀመጡ። ባርኔጣውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ያን ጊዜ ማታ ማታ ፋብሪካ ነበር የማመሸው፤ ማየት አልቻልኩም። ልጄ አንድ መቅጃ ገጥማልኝ ሄደች፤ ሁሉን ይቀዳልሃል አለችኝ። አልከፈትኩትም። ሰሞኑን ቤት ስውል ነው ከፍቼ ያየሁት። አንዱን አየሁ፣ የለም። ሁለተኛውን አየሁ፣ የለም። አስራ አንዱንም አየሁ።» ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ፈለገች፤ አላገኘችም። ቁጣ ቢኖር ይሻላት ነበር፤ ለቁጣ መልስ መስጠት ታውቃለች። «የፈረመችው ራሷ ትመልስልኝ ብዬ ነው የመጣሁት። ወረቀትሽ ወጥቷል ይላል፤ ዓይኔ አልወጣም ይላል። የትኛውን ልመን?»

የውሃ ብርጭቆው፣ ትንሿ ሰዓት፣ አስራ አራት ደቂቃ፣ አስራ ስምንት ደቂቃ፤ ሁሉም በምላሷ ጫፍ ተሰልፈው ቆመዋል፤ አንዲት ቃል ብቻ ብትለቅ እንደ ውሃ ይፈስሱ ነበር። መቀስ ትዝ አላት፤ አሁን በክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ተኝቶ ይሆናል።

ሽማግሌውን አየቻቸው። በእውነት ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ፊት ነበር፤ መልሱን ይዞ የመጣ ሰው ፊት አልነበረም። እንዲህ ያለውን ፊት ዋሽታው አታውቅም። ማንንም ዋሽታ አታውቅም፤ ለዚህ ነው እንዴት እንደሚዋሽ ያልገባት፣ ድምፅ ከፍ ይደረግ ወይስ ዝቅ፣ ዓይን ይያዝ ወይስ ይሸሽ። በመጨረሻ ቅጽ ስትሞላ በምትናገርበት ድምፅ ተናገረችው።

«ዓይንዎን ይመኑ፣ ጋሼ። አልወጣም።»

«አልወጣም።»

«አልወጣም። ሳላይ ነው የፈረምኩት። ደክሞኝ ነበር።»

የመጨረሻዋ ቃል እውነት በመሆኗ ሌላውም አብሮ እውነት መሰለ።

«አስራ አንዱንም?»

«አስራ አንዱንም።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በጣታቸው ጠርዝ ጠርዙን አዞሩት። ስድብ ጠበቀች፤ ቢያንስ ምነው ይሉኛል ብላ ጠበቀች። ኃላፊው ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ተቀምጧል፤ ጆሮዎቹ እስከ ጫፋቸው ቀልተዋል። ከዚያ ከሽማግሌው ደረት ረጅም ትንፋሽ ወጣ፣ ከባድ ዕቃ ያወረደ ሰው ትንፋሽ፤ ትከሻቸው ኮቱ ውስጥ ዝቅ አለ፣ ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ፈታ አለ።

«እግዜር ይስጥሽ» አሏት።

ኃላፊው ቀና አለ። እሷም የሰማችው መሆኑን ተጠራጠረች።

«እኔ እኮ» አሉ ሽማግሌው፣ «ራሴን ይቺን ጥያቄ ስጠይቅ ነው የከረምኩት። ያኔ የመጨረሻ አቅሜን ነበር ያወጣሁት፤ አስራ አንድ ምሽት፣ በዜና ሰዓት። በማግስቱ ሱቁን ከፍተን ጠበቅን። በሩን ቀና ብሎ ያየ ሰው የለም። በሦስተኛው ቀንም የለም። ሰው አይቶን ነው የተወን ወይስ ሳያየን? ሌት ተቀን ይቺው ናት። አይቶን ከሆነ ጥፋቱ የፍራሹ ነው፤ የኔ ነው፤ ከእኔ በፊት የአባቴ ነው።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለካ ሳያየን ነው።»

እትዬ ሰከንድ ከንፈሯን ከፈተች። የሚወጣው ቃል የትኛው እንደሚሆን አላወቀችም፤ ኃላፊው ግን ቀደማት፤ ብዕሩን ከነወረቀቱ ወደ ሽማግሌው አስጠግቶ በአንድ ትንፋሽ መናገር ጀመረ። አስራ አንዱም ምሽት ከነገ ጀምሮ በነጻ ይደገማል፤ ያውም በተሻለ ሰዓት፤ ጥፋቱ የጣቢያው ነው፤ ሠራተኛዋ ከቦታዋ ተነስታለች፤ እንዲህ ያለ ነገር ዳግመኛ አይደርስም፤ የአዲሱ ዓመት ውል በአሮጌው ዋጋ ይቀጥላል፤ እዚህ ጋ ብቻ ነው የሚፈርሙት።

ሽማግሌው በትዕግሥት እስኪጨርስ ሰሙት። ከዚያ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዘው ተነሱ፣ ባርኔጣቸውን አጠለቁ፣ ወረቀቱን በእጃቸው ጀርባ ቀስ አድርገው ወደ እሱ መለሱት።

«ምኑን ነው የምታስተዋውቁት፣ ልጄ?» አሉ። «የፋብሪካው ማሽኖች ከተሸጡ ሁለት ወራቸው ነው እኮ። አዳራሹም ለመጋዘን ተከራይቷል።»